«የለም» እና «አላውቅም»፦ የፋይል ሰርቨር የስህተት መልስና የምስክርነት ጥያቄ

ኤን.ኤፍ.ኤስ. የሚባለው ፕሮቶኮል በአንድ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ የተቀመጠን ፋይል ሌሎች ኮምፒውተሮች በኔትወርክ አማካይነት በራሳቸው ዲስክ ላይ ያለ ያህል እንዲጠቀሙበት የሚያስችል የጥያቄና መልስ ሥርዓት ነው። የአሜሪካው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሠራው። ሁለተኛው እትም አር.ኤፍ.ሲ. 1094 በሚባል ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ሦስተኛው አር.ኤፍ.ሲ. 1813 በሚባለው በ1995 ለሕዝብ ቀረቡ፤ አራተኛው በ2000 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተሻሽሏል። በሁሉም እትሞች ፋይሉን የያዘው ሰርቨር የሚሰጠው መልስ ውጤቱን የሚገልጽ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ የተጠየቀው ተፈጽሟል ማለት ነው። ሌላ ከሆነ አልተፈጸመም፤ ቁጥሩም ለምን እንዳልተፈጸመ ይናገራል፦ 2 የተጠቀሰው ፋይል የለም፣ 5 ዲስኩን ማንበብ ወይም መጻፍ አልተቻለም፣ 13 ፈቃድ የለም፣ 28 ቦታ አልቋል፣ 70 የቀረበው የፋይል መለያ ያመለክተው የነበረው ፋይል አሁን የለም።

አንድ ችግር ሲደርስ ከእነዚህ ቁጥሮች የትኛው ይመለስ የሚለው ላይ ላዩን ሲታይ የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ሥሩ ግን ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ለብዙ ዘመናት የተከራከሩበት የምስክርነት ጥያቄ ነው። ምስክር ስላላየው ነገር ሲጠየቅ ምን ይበል? የሚያውቀውንስ ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት? ቃል በቃል እውነት የሆነ ነገር ተናግሮ ሰሚውን ቢያሳስት እንደ ዋሸ ይቆጠራል?

ምስክርነት ለምን ይታመናል በሚለው ላይ በ18ኛው መቶ ዘመን ሁለት ስኮትላንዳውያን ተለያይተው ነበር። ዴቪድ ሂዩም የሌላውን ቃል የምናምነው በልምድ ነው አለ፤ የሰዎች ቃል ከእውነታው ጋር ሲገጥም ደጋግመን ስላየን፣ ባየነው ልክ እንተማመናለን። ቶማስ ሪድ በበኩሉ ማመን ከልምድ በፊት ሰው በተፈጥሮው የታደለው ዝንባሌ ነው፤ ሕፃን የወላጁን ቃል መዝኖ አይቀበልም ሲል ተከራከረ። በኤን.ኤፍ.ኤስ. ውስጥ ክላየንት የሚባለው ጠያቂ ኮምፒውተር የሪድ ሕፃን ነው። ዲስኩን አያይም፤ ሌላ ምስክር አይጠራም፤ ሰርቨሩ ትናንት ስንት ጊዜ እንደ ተሳሳተ አይቆጥርም። የተነገረውን እንዳለ ይወስዳል፣ ፕሮግራሞችም በዚያው ላይ ተመሥርተው ይሠራሉ። ሰሚው መመዘን በማይችልበት ቦታ የእውነት ሸክም በሙሉ የሚያርፈው በተናጋሪው ላይ ነው። የመልስ ምርጫ የሥነ ምግባር ክብደት የሚያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከስህተት መልሶቹ ሁሉ አደገኛው ቁጥር 2 ነው። «ፈቃድ የለም» ወይም «ዲስኩ አልተነበበም» የተባለ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አቁሞ ለሰው ያመለክታል። «የለም» የተባለ ፕሮግራም ግን ወደ ሥራ ይገባል። የለም የተባለውን ፋይል ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ይፈጥራል፣ የማስተካከያ ፋይሉን ካጣ በነባሪ ምርጫዎች ይነሣል፣ በመጠባበቂያው በኩል ያለውን ቅጂም ባለቤቱ የሰረዘው መስሎት ያጠፋዋል። በዚህ ላይ ብዙ ክላየንቶች «የለም» የሚለውን መልስ ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻቸው ይይዙታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተነገረ ሐሰት ሰርቨሩ ከታረመ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይኖራል።

አንድ ሰርቨር ፎልደሩን ሊያነብ ሞክሮ ዲስኩ ቢያስቸግረው ትክክለኛው መልስ 5 ነው። ፈልጎ ማጣት ሌላ፣ መፈለግ አለመቻል ሌላ ነውና። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መደርደሪያውን ፈትሾ «ፋይልዎ የለም» ቢል ባለጉዳዩ አዲስ ፋይል ያስከፍታል፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ጠፍቶበት ይህንኑ ቢል ግን አሮጌው ፋይል መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ባለጉዳዩ ሁለተኛ ይከፍታል፣ የሁለቱ መዛግብትም አይታረቁም። ሆኖም በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ይህን ልዩነት ማጥፋት እጅግ ቀላል ነው። «ካልተገኘ የለም በል» የሚል አንድ መስመር ሁለቱን ሁኔታዎች ይደባልቃል፣ ጸሐፊውም ዋሸሁ ብሎ አያስብም።

አርሲንክ የተባለው ታዋቂ የፋይል ማመሳሰያ ፕሮግራም ልዩነቱን በቁም ነገር ይይዘዋል። በምንጩ በኩል የጠፋውን በመድረሻው በኩል እንዲሰርዝ የታዘዘ ቢሆንም እንኳ፣ ምንጩን ሲያነብ የንባብ ስህተት ከገጠመው ስረዛውን ይተወዋል፤ በስህተትም ቢሆን ሰርዝ የሚል ሌላ ትእዛዝ ለይቶ ካልተሰጠው በቀር። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ሰርቨሩ 5ን በ2 ካልለወጠው ብቻ ነው። ጠያቂው የቱን ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ጥንቃቄው ከምስክሩ ቃል አያልፍም።

ከዚህ የከበደው ደግሞ ምስክሩ በቅንነት የሚሳሳትበት ሁኔታ ነው። ሰርቨሩ ተነሥቶ መረጃውን የያዘው ዲስክ ገና ሳይያያዝ ቀርቷል እንበል። ዲስኩ ሊያያዝበት የተዘጋጀው ፎልደር በቦታው አለ፣ ባዶም ነው። አዲስ ጠያቂ መጥቶ ስለ አንድ ፋይል ሲጠይቅ ሰርቨሩ ባዶውን ፎልደር አይቶ «የለም» ይላል። ያየውን ነው የተናገረው። ፈልጓል፣ ዲስክም አላስቸገረውም። የተሳሳተው የቆመበትን ቦታ ሳይመረምር መመስከሩ ላይ ነው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ለዚህ መድኃኒት አለ፤ ፎልደሩ በእርግጥ ዲስክ የተያያዘበት ካልሆነ በቀር ለኔትወርኩ እንዳይቀርብ የሚያዝ «ማውንትፖይንት» የተባለ ምርጫ። ቅን መሆን ለምስክር አይበቃውም፤ ለመመስከር በሚያበቃው ቦታ ላይ መቆሙንም ማረጋገጥ አለበት።

እውነት ሆኖ የሚያሳስት መልስም አለ። የኤን.ኤፍ.ኤስ. ሁለተኛና ሦስተኛ እትሞች የተነደፉት ሰርቨሩ ስለ ጠያቂዎቹ ምንም እንዳያስታውስ ተደርጎ ነው። ይህ ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሣ ሥራው ያለ ችግር እንዲቀጥል ይረዳል። ጠያቂው መልስ ሲዘገይበት ጥያቄውን ደግሞ ይልካል። እንግዲህ «ይህን ፋይል ሰርዝ» የሚል ጥያቄ ደረሰ፣ ፋይሉ ተሰረዘ፣ መልሱ ግን በመንገድ ጠፋ። ጠያቂው ደግሞ ይልካል፤ ሰርቨሩም ፋይሉን ፈልጎ ያጣና 2 ይመልሳል። ፋይሉ በእርግጥ የለም። ጠያቂው ግን መሰረዝ አልተሳካም ብሎ ይረዳል፣ የተሳካው ደግሞ ራሱ የጠየቀው ሥራ ነው። መልሱ ስለ ዲስኩ ሁኔታ እውነት ሆኖ ስለ ጥያቄው ዕጣ ሐሰት ሆነ፤ ጠያቂው ማወቅ የፈለገውም ሁለተኛውን ነበር።

ቼት ጁስቻክ የተባለ መሐንዲስ በ1989 ለዩዝኒክስ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ሰርቨሩ በቅርቡ የመለሳቸውን መልሶች ከጥያቄዎቹ ቁጥር ጋር በአጭር ማስታወሻ እንዲይዝ አሳየ። ጥያቄው ሲደገም ሥራው አይደገምም፤ የመጀመሪያው መልስ እንዳለ ይላካል። ምንም እንዳያስታውስ የተነደፈው ሰርቨር እውነቱን ለመናገር ሲል ትንሽ ትዝታ አስፈለገው። ማስታወሻው ግን ወሰን አለው፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ከተራው የማስታወሻ ክፍሉ ጋር ይጠፋል። አራተኛው እትም በ4.1 ማሻሻያው ክፍለ ጊዜ የሚባል አሠራር አምጥቶ አንድን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ የመፈጸምን ዋስትና የፕሮቶኮሉ አካል አደረገው።

ምስክር ስለሚያውቀው ነገር ዝም ማለት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በፈቃድ ጉዳይ ላይ ይነሣል። አንድ ተጠቃሚ እንዳያይ ስለተከለከለው ፋይል ቢጠይቅ «ፈቃድ የለም» የሚለው መልስ ፋይሉ መኖሩን ሊገልጥ ይችላል፤ መኖሩ ብቻውን ምስጢር የሆነ ፋይል አለና። በዚህ ጊዜ «የለም» ማለት ይፈቀዳል?

በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በአምስተኛው መጀመሪያ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ውሸት ሁለት ድርሳናት ጽፏል። በእርሱ ዘንድ ማንኛውም ውሸት፣ ሕይወት ለማዳን የተነገረ እንኳ፣ ኃጢአት ነው። ነገር ግን እውነትን መሰወር ራሱ ውሸት አይደለም፤ የሚዋሽ ሁሉ እውነትን መደበቅ ይፈልጋል፣ እውነትን የሚደብቅ ሁሉ ግን አይዋሽም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1797 ባወጣው አጭር ጽሑፍ በዚሁ አቋም ገፍቶ፣ ወዳጁን ለመግደል ለሚያሳድድ ሰው እንኳ መዋሸት አይገባም እስከ ማለት ደረሰ። የካንት ድምዳሜ ለሰው ልጅ ሕይወት የከበደ ነው፣ ብዙዎችም አልተቀበሉትም። ለሰርቨር ግን የአውግስጢኖስ ልዩነት እንዳለ ይሠራል፤ የዩኒክስ ሥርዓትም ሳያስበው ተከትሎታል። አንድ ሰው በአንድ ፎልደር ውስጥ የማለፍ ፈቃድ ከሌለው በውስጡ ስላለ ስለ ማናቸውም ስም ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ 13 ነው፣ ፋይሉ ቢኖርም ባይኖርም። ሰርቨሩ «የለም» አላለም፣ «አለ»ም አላለም። ምስጢሩ ተጠብቋል፣ ሐሰትም አልተነገረም።

በድረ ገጽ ዓለም ያለው አሠራር ከዚህ ይለያል። የኤች.ቲ.ቲ.ፒ. ሕግ በ2022 በወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9110 ላይ እንደ ተጻፈው፣ አንድ ሰርቨር የተከለከለን ነገር መኖር መደበቅ ከፈለገ «ተከልክሏል» በሚለው 403 ፋንታ «አልተገኘም» የሚለውን 404 ሊመልስ ይችላል። ይህ ሲታይ ውሸት ይመስላል፤ አይደለም። ያው ሰነድ የ404ን ትርጉም ሲሰጥ ሰርቨሩ ነገሩን አላገኘውም ወይም መኖሩን ሊገልጥ አይፈልግም ብሎ አስቀድሞ አውጇልና። ቃሉ ሁለት መልክ እንዳለው ሰሚው ተነግሮታል። በኤን.ኤፍ.ኤስ. ግን 2 የተሰጠው ትርጉም የተጠቀሰው ስም አይገኝም የሚል ብቻ ነው፣ ሌላ በር አልተተወለትም። ስለዚህ ተመሳሳይ ድርጊት በአንዱ ፕሮቶኮል ሕጋዊ ዝምታ ሲሆን በሌላው ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ውሸት ከቃላቱ ብቻ አይለካም፤ ተናጋሪና ሰሚ አስቀድመው በተስማሙበት ትርጉም ይለካል።

የማንነት ጥያቄም በመልሶቹ መካከል ቦታ አለው። ክላየንቱ ፋይሉን ከከፈተ በኋላ የሚጠቀመው በስሙ ሳይሆን ሰርቨሩ በሰጠው መለያ ነው። ፋይሉ ተሰርዞ በዲስኩ ላይ የነበረው የመዝገብ ቁጥር ለሌላ ፋይል ሊሰጥ ይችላል። አሮጌውን መለያ ይዞ የመጣ ጠያቂ ቁጥሩ ብቻ ቢታይ የሌላ ሰው ፋይል ይነበብለታል፣ ምናልባትም ይጽፍበታል። ይህን ለመከላከል በመለያው ውስጥ የትውልድ ቁጥር ይጨመራል፤ የመዝገብ ቁጥሩ ለአዲስ ፋይል በተሰጠ ጊዜ ይለወጣል። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ መልሱ 70፣ ስቴል የሚባለው ነው። ተጠቃሚዎች ይህን መልስ አጥብቀው ይጠሉታል፤ ሥራቸውን መሃል ላይ ያቋርጣልና። ጥላቻው ተገቢ አይደለም፤ ሌላው አማራጭ ባዕድ ፋይልን የራስ ነው ብሎ ማስረከብ ነው። ሦስተኛው እትም ከዚህ ለይቶ 10001 ጨመረ፤ ይህ መለያው ራሱ የተበላሸ ነው ሲል፣ 70 ግን መለያው የሚያመለክተው አሁን የለም ወይም መዳረሻው ተከልክሏል ይላል።

በ«አዎ» እና በ«አይደለም» መካከል ሦስተኛ መልስ የመጣው በዚሁ እትም ነው። በዚያ ዘመን ብዙ መረጃ የሚቀመጥበት፣ የብርሃን ዲስኮችን በማሽን ክንድ እያነሣና እያስገባ የሚያነብ ጁክቦክስ የሚባል መሣሪያ ነበር። ፋይሉ አለ፣ ፈቃዱም አለ፣ ዲስኩ እስኪገባ ግን ጊዜ ይወስዳል። ቀድሞ ሰርቨሩ ዝም ከማለት ወይም የማይገጥም የስህተት ቁጥር ከመላክ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። 10008 ቁጥር ጁክቦክስ በሚል ስም ተሰጥቶት «ጀምሬዋለሁ፣ ቆይተህ ጠይቅ» የሚል መልስ ሆነ፤ በአራተኛው እትም ቁጥሩ ሳይለወጥ ስሙ ዲሌይ ተባለ። አራተኛው እትም ሌላም ጨመረ፦ 10013፣ ግሬስ። ወድቆ የተነሣ ሰርቨር ቀድሞ የትኛውን ፋይል ማን እንደ ቆለፈው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ አዲስ መቆለፊያ አይሰጥም፤ የቀድሞ ባለመብቶች መጥተው መብታቸውን እስኪያድሱ ይጠብቃል። «አላውቅም» ማለት የሚያሳፍር ሳይሆን የሌላውን መብት የሚጠብቅ መልስ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ችግር ስም ያለው አይደለም። ሦስተኛው እትም በሌላ ቁጥር ሊገለጽ ለማይችል ችግር 10006፣ ሰርቨርፎልት የተባለውን አስቀምጧል፤ በሰነዱም ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተዘረዘሩት ስህተቶች የመጨረሻ አይደሉም፣ ጠያቂው ላልጠበቀውም ይዘጋጅ ይላል። አራተኛው እትም በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ተግባር የሚፈቀዱትን መልሶች በሠንጠረዥ ወሰነ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ካስቀመጣቸው የንግግር ደንቦች ሁለቱ እዚህ ይጋጫሉ። አንዱ ለሰሚው የሚያስፈልገውን ያህል ተናገር ይላል፣ ሌላው ማስረጃ የሌለህን አትናገር ይላል። ሰርቨሩ ምክንያቱን በትክክል ሳያውቅ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ቢመርጥ የመጀመሪያውን አሟልቶ ሁለተኛውን ይሽራል። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ግልጽ ያልሆነ እውነት ጠያቂውን ያዘገየዋል፣ ግልጽ የሆነ ሐሰት ግን ወደ ተሳሳተ ሥራ ይመራዋል። ይህ ግን ለስንፍና ሽፋን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። አቅም አነሰኝ የሚል ጥቅል ትርጉም የነበረው 10018 በ4.1 እትም እንዲቀር የተደረገው፣ ጠያቂው ምን ቢያስተካክል እንደሚሻለው የሚነግሩ ዝርዝር መልሶች ስለተተኩለት ነው።

መልስ ጭራሽ የማይመጣበት ጊዜም አለ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጂም ግሬይ በ1978 የሁለት ጄኔራሎች ችግር ብሎ የሰየመው እንቆቅልሽ እንደሚያሳየው፣ መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መንገድ ሁለት ወገኖች ሁለታችንም ተስማምተናል ብለው ፍጹም እርግጠኛ ሊሆኑ አይችሉም። ለመልእክት መዘግየት ወሰን በሌለበት ኔትወርክ ደግሞ ዝም ያለው ሰርቨር ሞቶ ይሁን ዘግይቶ መለየት አይቻልም። እንግዲህ ክላየንቱ ለፕሮግራሙ ምን ይበል? ሁለት አሠራሮች አሉ። «ሶፍት» የተባለው ለጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይተውና ለፕሮግራሙ የስህተት መልስ ይሰጠዋል። «ሃርድ» የተባለው ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ ያለ ወሰን ይሞክራል፤ ፕሮግራሙም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ለተጠቃሚው የሚመች ይመስላል፣ ነገር ግን ክላየንቱ ራሱ የማያውቀውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ ይናገራል፤ አልተሳካም የተባለው ጽሑፍ ዲስክ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። መረጃ በሚጻፍበት ቦታ ሃርድ ይሻላል። መጠበቅ ያስቸግራል፣ ነገር ግን ያልታወቀን ነገር እንዳልታወቀ ይተወዋል።

ስለ ስህተት መልስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዜሮም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለ መልስ መሆኑ ነው። በሁለተኛው እትም ሕግ ሰርቨሩ ለመጻፍ ጥያቄ ዜሮ ከመመለሱ በፊት መረጃው ኃይል ቢቋረጥ በማይጠፋበት ቦታ መቀመጥ ነበረበት። ይህ ሥራውን ያዘገያል፤ ስለዚህ ብዙዎች ሰርቨራቸው መረጃው ገና በጊዜያዊ ማስታወሻ ሳለ ዜሮ እንዲመልስ አደረጉ። ፍጥነቱ ተገኘ። በዚህ መሃል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ግን ጠያቂው ተጽፏል ብሎ የራሱን ቅጂ ጥሏል፣ ሰርቨሩም ጋ የለም፤ በሁለቱም በኩል አንድም የስህተት ቁጥር አልተመዘገበም። ከዚህ የከፋ የሐሰት ምስክርነት በዚህ ፕሮቶኮል ውስጥ የለም። ያልሆነ ችግርን «ሆኗል» ማለት ጠያቂውን ለጥንቃቄ ያነሣሣዋል፤ ያልሆነ ስኬትን «ሆኗል» ማለት ግን ጥንቃቄውን ያስጥለዋል።

ሦስተኛው እትም ፍጥነቱንም እውነቱንም የሚያስማማ መንገድ አበጀ። ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ፣ ገና አልጸናም» ብሎ መመለስ እንዲችል ተፈቀደለት፤ ከመልሱ ጋርም 8 ባይት የሆነ ማረጋገጫ ይልካል። ጠያቂው ቅጂውን ሳይጥል ይቆይና ኮሚት በሚባል ሌላ ጥያቄ መጽናቱን ይጠይቃል። ሰርቨሩ በመካከል ወድቆ ከተነሣ ማረጋገጫው ይለወጣል፤ ጠያቂውም ልዩነቱን አይቶ መረጃውን እንደገና ይልካል። መቀበልና ማጽናት በቃል ሲለዩ ለፍጥነት ሲባል መዋሸት አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። የሊኑክስ ሰርቨር ሳይጽፉ «ተጽፏል» የማለቱን ምርጫ «ኤሲንክ» በሚል ስም እስከ ዛሬ ያቀርባል፤ መመሪያው ራሱ ይህ የፕሮቶኮሉን ሕግ የሚጥስ መሆኑን ይናገራል። የሰርቨሩ መሣሪያዎች እስከ 1.0.0 እትም ድረስ ይህ ነባሪው ምርጫ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት እትሞች ሁሉ ነባሪው ጽፎ መመለስ ሆኗል፣ ሌላውን የሚፈልግ የሰርቨር ኃላፊም በገዛ እጁ ጽፎ መጠየቅ አለበት።